የማዳም ሰዓት

ማክ. ግንቦት 4 ቀን 2001 ዓ.ም.፤ ጠዋት

ውሃ የለም። በርሜሉን በጡጫ መታሁት፤ ባዶ። ቦቴው ዛሬም ከቀረ የጎረቤቴን የሐዋን ጀሪካን መለመኔ ነው። ፍየሎቹ ምን ቸገራቸው፣ ካርቶናቸውን በልተው ጥላ ይዘዋል። አንዷ ፍየል ሚሚ የብስኩት ካልሆነ የሳሙና ካርቶን አትነካም። ከእኔ ይልቅ እሷ ማዳም ቤት የኖረች ትመስላለች።

እሸቴ ትናንት ሄደ። ቤቱ ጭር አለ። ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ሳምንቱን ሙሉ ስንነታረክ ነው የከረምን። ከጭሮ በላይ ካለው ቀያችን ወርዶ ጅቡቲን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሙቀቱ ጨረሰው። መቀመጥ ግን አያውቅም። የፍየሎቹን በረት አበጀ፣ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ደፈነ፣ የሚወላገደውን ወንበር እግሩን መታ። ገበሬ እጁ ሥራ ሲፈታ ይታመማል መሰለኝ።

የመጣበት ጉዳይ አንድ ነው። ጎጆ ሠርቶልኛል፤ ከቤቱ ጎን፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ሠላሳ ዓመት ለፈረንሳይዋ ማዳም አበሰልሽ፣ አሁንስ አገርሽ ግቢ ይላል። ጡረታ ማለት መጦር ነው፣ እዚህ ማን ይጦርሻል አለኝ። ፍየሎቼ አልኩት። አልሳቀም።

ላስብበት ብዬ ሸኘሁት። ለእሱ ያልነገርኩትን ለአንቺ ልንገርሽ፣ ደብተሬ፤ እፈራለሁ። እናታችን የጃጀችው እዚያ ቀዬ ነው። በመጨረሻ ዘመኗ ከሞተች ዓመታት ያለፏትን ላሟን፣ ዳለቻን፣ ፍለጋ ትወጣ ነበር አሉ። የሰፈር ልጆች «ዳለቻ ወንዝ ወርዳለች» እያሉ ይሰዷት ነበር አሉ። አሉ ነው እንግዲህ። እኔ እዚህ የሰው ሾርባ ሳማስል ነበር፣ አላየኋትም። ያላየሁት ነው መሰለኝ በየጊዜው የሚታየኝ።

ሐሙስ ግንቦት 6፤ ከሰዓት በኋላ

ጽሕፈቴን አትታዘቢኝ።

ዛሬ የደም ግፊት ቀጠሮዬ ነበር። ነርሷ «ዊት ኧር» ብላኛለች፣ ስምንት። ታጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ መርፌው ስምንት ሊል ሲል ወጣሁ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ጤና ጣቢያው ዝግ። ዘበኛው፣ ሽማግሌ አፋር ነው፣ አጥሩ ሥር ተጋድሟል። ሐኪሞቹ ወጡ እኮ፣ አንቺ ከወዴት መጣሽ አለኝ። ቀጠሮዬ ስምንት ነው አልኩት። አየኝ። ፀሐይዋን በአገጩ አሳየኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በማዳም ስምንት መምጣት ሲገባኝ በእኛ ስምንት መጥቻለሁ።

ደብተሬ፣ ይህ እንዴት ይሆናል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልቤ «ሁለት ሰዓት ነው» እያልኩ በማዳም ስምንት ቁርስ አቅርቤያለሁ። በልቤ አምስት፣ በማዳም አሥራ አንድ፣ ሾርባው ይጣዳል። አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ መገልበጡ እንደ መተንፈስ ነበር፣ አስቤው አላውቅም። አሁን ትንፋሼ ቆመ ማለት ነው?

ማዳም አገሯ ስትገባ የሰጠችኝ የግድግዳ ሰዓት ከፊቴ ተሰቅሏል። ቤት እንደገባሁ ቀድሜ ያየሁት እሱን ነው። ዘጠኝ ተኩል ይላል። ፀሐይዋም ዘጠኝ ተኩል ላይ ናት። ልክ ነው። ሰዓቱ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ።

እሑድ ግንቦት 9

ደግሞ ተሳሳትኩ። እሸቴ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደውዪልኝ ብሎ ነበር፤ ስልክ የሚይዝለት ጉብታው ላይ ሲወጣ ነው። ሁለት ማለት በማዳም ሰዓት ስምንት ነው ብዬ፣ ኮርቼ፣ ዛሬስ አልሳሳትም ብዬ፣ መርፌው ስምንት እስኪል ጠብቄ ደወልኩ። አይነሳም። ሲመሽ ራሱ ደወለ። ጉብታው ላይ ፀሐይ ስትጠብሰኝ አረፈድኩ አለ። ኔትወርክ ነው አልኩት። ዋሸሁ።

ክኒኑም እንደዚሁ። ጠዋት ስምንት፣ ማታ ስምንት ነው የታዘዘልኝ። የጠዋቱን የምውጠው ምሳ ከበላሁ በኋላ ሆኗል። የማታውን እንቅልፍ ይቀድመዋል። ራሴ ይዞራል። ሚሚን «ኤሎዲ» ብዬ ጠራኋት። ኤሎዲ የማዳም ልጅ ናት፣ አሁን እሷም ልጆች ወልዳለች። ሚሚ ማኘኳን አቁማ አየችኝ። ፍየል እንኳ ታዘበችኝ።

ሐዋም አይታኛለች። የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፣ ሱማሌ፣ የእኔው እኩያ፤ ስትዘፍንም ስታስነጥስም እሰማታለሁ። ዓይኗ ሞራ ጀምሮታል እንጂ የሚያመልጣት የለም። ከስተሻል ወላል አለችኝ። ወላል፣ እህቴ ማለቷ ነው። ሙቀቱ ነው አልኳት። እሷንም ዋሸኋት። ጃጅቻለሁ ማለት በሱማልኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። በአማርኛ አውቀዋለሁ፤ ከአፌ ግን አይወጣም።

ሰኞ ግንቦት 10

ንፋሱ ጀምሯል። አቧራው በር መስኮት አይልም። መብራት ሄደ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ እኔም ጨርቅ አርሼ አናቴ ላይ ጣልኩ።

ራሴን ፈተንኩ። የማዳምን ነጭ ስጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ አልኩት። ቅቤው፣ ዱቄቱ፣ ወተቱ ቀስ እየተባለ፣ መጨረሻ ላይ ያቺ የምትፈቀፈቅ ፍሬ። አንድም አልሳትኩም። ደስ አለኝ። ከዚያ ዛሬ ቁርስ ምን በላሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሰሐኑን ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

ረቡዕ ግንቦት 12፤ ምሽት

እግዚኦ። ምን ብዬ ልጻፍልሽ።

ሐዋ ዛሬ ለዓይኗ ሐኪም ዘንድ ከተማ ወረደች። የልጅ ልጇን ፈርዱሳን ከትምህርት ቤት ተቀበይልኝ፣ «ኦንዝ» ላይ ይወጣሉ አለችኝ፤ አሥራ አንድ። አደራ ነው። ስለዚህ እንዳልሳሳት ከጠዋት ጀምሮ ሰዓቱ ፊት ተቀመጥኩ። ዓይኔን ከመርፌው አልነቀልኩም። አምስት አለ። ገና ነው አልኩ። የዙሁር አዛን ተጠራ፣ መርፌው ስድስት ላይ። ትክክል፣ ቀትር ስድስት ሰዓት ነው፤ አሥራ አንድ ገና ነው። ጫማዬን አድርጌ፣ ዣንጥላዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ ጠበቅሁ።

ሐዋ በሩን ስትገፋው እዚያው ነበርኩ። ፈርዱሳን አዝላታለች። የልጅቷ ፊት በርበሬ መስሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትጠብቀኝ ቆይታ ብቻዋን ተነሣች። መንገድ ሳተች። ወደ ኢትዮጵያ የሚወጡት ተሳቢ መኪኖች በሚቆሙበት፣ በጎማዎቹ መሀል ስታለቅስ አንዲት ጫት ሻጭ አገኘቻት። የሚያውቃት ሰው እስኪገኝ ነው እስካሁን የቆየችው።

ሐዋ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

«ወላል፣ ረሳሻት?» ብቻ አለችኝ።

አልረሳኋትም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እያሰብኳት፣ ስሟን እየጠራሁ፣ እንደተቀመጥኩ ጠፋችብኝ። እናቴም ዳለቻን አልረሳቻትም ነበር።

ሐሙስ ግንቦት 13

ወሰንኩ። የሰው ልጅ ሳላስፈጅ አገሬ እገባለሁ። ይህን ቤት ለቅቄ ከሃያብለ ሰፈር ከወጣሁ በሳምንቱ ሌላ ሰው ያጥረዋል፣ አውቃለሁ፤ ወረቀት የለውም። ፍየሎቹን ለሐዋ። ሚሚ ካርቶን እንደምትመርጥ ልንገራት።

እዚያ ደግሞ ልጆቹ ይጠብቁኛል። የእነዚያ ልጆች ልጆች። «ማዳም ወንዝ ወርዳለች» ይሉኛል። ይበሉኝ። ብርድ አለ፣ ጉም አለ፣ የማላውቃት የወንድሜ ምራት አለች። ቀና ብላ ስታየኝ የማን አሮጊት ናት ትላለች። ፈራሁ፣ ደብተሬ። አልቅሼ ነው የምጽፍልሽ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበል።

ሐዋ ዛሬ ሻሂ አልላከችም። ቀርቶብኝ አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ግንቦት 15

ስሚኝማ! ስሚኝ።

እሸቴ ጉብታው ላይ ሆኖ ደወለ። ሁሉን ነገርኩት። ጤና ጣቢያውን፣ ክኒኑን፣ ፈርዱሳን። የእናታችን በሽታ ይዞኛል፣ ጎጆውን አዘጋጅልኝ አልኩት። በስልኩ ንፋሱ ይሰማኛል።

«እትዬ፣ ያ የግድግዳ ሰዓትሽ እንዴት ነው?» አለኝ።

ደህና ነው፣ እሱን ምን አመጣው አልኩት።

«እኔ እኮ አስተካክዬልሽ ነው የሄድኩት። በጠራራ ጠዋት፣ በሁለት ሰዓት፣ ስምንት ይላል። ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚሳሳት ሰዓት በዕድሜዬ አላየሁም። አንቺ ቦቴው ጋ ወረፋ ስትይዢ ወንበር ላይ ወጥቼ አዞርኩት። አርጅታ ማስተካከል አቅቷት ነው ብዬ፣ እንዳታፍሪ አልነገርኩሽም።»

እንዳላፍር! መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅሁ። አንተ አህያ አልኩት፣ እሱ ሰዓት የማዳም ነው፣ የሚናገረው በፈረንሳይኛ ነው። ሳቀ ይሁን አለቀሰ ንፋሱ አላስለየኝም።

በባዶ እግሬ ሐዋ ዘንድ ሮጥኩ። እኛ ቀኑን ከንጋት እንደምንጀምር፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት፣ ወንድሜ ደግሞ ገበሬ መሆኑን አስረዳኋት። ግማሹን በሱማልኛ፣ ግማሹን በእጄ። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ጥርሷ ታየ።

«እናንተ ሐበሾች ፀሐይዋንም ለብቻችሁ ነው እንዴ የምትቆጥሯት?» አለችኝ።

ፈርዱሳን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልጅቷ ትንሽ ኮሰተረችብኝ፣ ከዚያ ተደገፈችኝ። ሻሂ መጣ።

ማታ ወንበሩን ጎትቼ ወጣሁና መርፌውን ወደ ማዳም ሰዓት መለስኩት። ወንበሩን በሩ አጠገብ፣ ቦታው ላይ አስቀመጥኩ። አልሄድም። ጎጆህን እህል ክተትባት ብዬዋለሁ እሸቴን።

ማክ. ግንቦት 18

ቦቴ መጣ። በርሜሉ ሞላ። ክኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ፣ ራሴ ረጋ ብሏል። ነርሷ ሌላ ቀጠሮ ሰጠችኝ፣ ዘበኛው በአገጩ ሰላም አለኝ።

አንድ ነገር ግን እንደ እሾህ ተሰክታብኛለች። ያን ቀን ከጤና ጣቢያ ስመለስ ሰዓቱን ቀና ብዬ አይቼ «ልክ ነው» ብያለሁ። አንቺ ላይ ተጽፏል፣ አሁን መልሼ አነበብኩት። የማዳም ሰዓት በዚያች ፀሐይ ሦስት ተኩል ነበር ማለት ያለበት። ሠላሳ ዓመት ያየሁት ፊት ነው። ከፊቱ ተቀምጬ ውዬም አላወቅሁትም። ሰዓቱን እሸቴ አዞረው፣ እሺ። እኔንስ ማን አዞረኝ?

ይቅር። «ፈሪ ለናቱ» ይላሉ። እኔ ደግሞ የምፈራው እናቴኑ ሆነና ለማን ልቅር።

ዓርብ ግንቦት 21፤ ሰዓቱን አልጽፍም

ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። የመስጊዱ አዛን አልቆ ነበር። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። አሥራ ሁለት። ጠዋት አሥራ ሁለት ነው ብዬ ተነሣሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ለፍየሎቹ ካርቶን መቅደድ ጀመርኩ። ሚሚ ከእጄ ልትነጥቅ ስትስብ እኔ ደርቄ ቀረሁ። የማዳም ሰዓት አሁን ስድስት ማለት ነበረበት።

ተመልሼ ገባሁ። ባትሪው አልሞተም፣ ይሄዳል። ድፍን ስድስት ሰዓት ወደ እኛ ዞሯል፣ ልክ እሸቴ እንዳዞረው። እሸቴ ጭሮ ነው። ሐዋ ትናንት ቤቴ አልገባችም። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬው ነው የተኛሁት፣ መቀርቀሪያውን የከፈትኩት አሁን በገዛ እጄ ነው። ወንበሩ ከሰዓቱ ሥር ቆሟል። አቧራው ላይ የእግር ጣቶች አሉ። እግሬን አነሣሁና አጠገቡ አስቀመጥኩ። የእኔ ናቸው።

መቼ እንደወጣሁበት አላውቅም። ምን ብዬ እንደወጣሁም። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

አልጮኽኩም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አንቺን ይዣለሁ። ሰዓቱን አልነካውም፣ ያሻውን ይበል። የሐዋ በር ሲከፈት ሄጄ እነግራታለሁ፤ ያን ከአፌ ያልወጣውን ቃል በአማርኛም ቢሆን አወጣዋለሁ። ቁልፌን እሰጣታለሁ። ፈርዱሳን ብቻዬን አደራ አልቀበልም። ከዚያ ለእሸቴ እደውላለሁ። እህሉን ከጎጆው ያውጣ። የበሩን መቀርቀሪያ ደግሞ ከውጭ በኩል ያድርግልኝ። ወንዝ እንዳልወርድ።

ዛሬ ነው የምናገረው። አሁን፣ ገና ሳውቀው።

የሐዋ በር ተከፈተ። ደብተሬ፣ ሳልነግራት የተመለስኩ እንደሆነ፣ ለምን እንደወጣሁ የጠፋኝ እንደሆነ፣ ማስታወሻ ስምሽ ነውና አንቺ…