አምስተኛው ላይ የቀረችው ካፖ

ውድ ንጎዪ፣

ይህን የምጽፍልሽ ልታረቅሽ ብዬ አይደለም። እርቅም ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ደክሞኛል። ልጅሽ ሙጂንጋ ትናንት ባትመጣ ኖሮ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። የመጣችው አንቺ ለምትዘፍኚበት ለቅዳሜው ሠርጓ ልትጠራኝ ነው። ቡካሪ፣ ያው የበቆሎ ገንፎአችንን፣ ከደረቅ ዓሣ ጋር አቀረብኩላት፤ ሁለቴ ጎርሳ እጇን ሰበሰበች።

«ፓፓ ባንዛ፣ እማዬ ከአዲሱ ጊታረኛ ከኪዩንጉ ጋር ስትለማመድ ድምጿ ይሰነጠቃል» አለችኝ። «ጉንፋን ነው ትላለች። ዝንጅብል አፍልታ ትጠጣለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።»

«እስከ ቅዳሜ ይሻላታል» አልኳት።

«እንዳልሰማ አይሁኑብኝ እንጂ! እርስዎ ጋር እያለች እኮ እንዲህ ሆና አታውቅም።»

ንጎዪ፣ ጉንፋን አይደለም። እኔ አውቀዋለሁ፤ አንቺም ሳትጠረጥሪ አትቀሪም።

እኛ ካማሎንዶ ሰፈር ዘፋኝ የምትለካው በካፖ ነው። ያቺ የጊታሩን አንገት የምትነክስ ብረት ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ዘፈኑም ይወጣል። ሰው ሁሉ ወንበር ሳይስብ በፊት ካፖዋ የት እንዳለች ያያል። አንገቱ ላይ ከተደረደሩት መስመሮች አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ አምስተኛው ላይ ነሽ። ዘፋኟ ማማ ካሌንጋ ወደ ሦስተኛው የወረደች ጊዜ የሳቅሽባትን ታስታውሻለሽ? «ካሌንጋ መሰላሉን መውረድ ጀመረች፤ መሬት ስትደርስ ጥሩኝ!» ብለሽ፣ ጠርሙስ እየፋቀ የሚያጅበንን ሙሎንጎን በሳቅ ጠርሙሱን አስጣልሽው።

ብዙም ሳይቆይ ባልሽ ሞተ። ከለቅሶው ስትመለሺ ድምፅሽ አብሮሽ አልተመለሰም። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርሺ የአንገትሽ ሥር ይገተር ነበር። ካፖዋን ዝቅ ላደርግ እጄን ስሰድ ያ ሳቅሽ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ካፖዋን አምስተኛው ላይ ተውኩና ክሮቹን አላላኋቸው። ትንሽ፤ ቆይቶም ደግሞ ትንሽ። አንቺ ካፖዋን ታያለሽ፣ ሰውም ያያል፣ ዘፈኑ ግን ወርዷል። «ባንዛ፣ ዛሬ ድምፄ እንዴት ተለቀቀልኝ!» ትይኝ ነበር። አንቺ ደስ ሲልሽ እኔም ደስ ይለኛል፤ በዚያ ዘመን ሌላ ደስታም አልነበረኝም።

ጣጣው ክሩ ነው። ካፖ የጠበቀ ክር ላይ ስትቀመጥ ብዙም አታስቸግርም። የላላ ክር ስትጫን ግን ትስበዋለች፤ ቅኝቱ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ያውም እያንዳንዱ ክር በየፊናው። ያላደረግኩት የለም። ካፖዋን መስመሩ ሥር አስጠጋኋት፣ ድምፅ እስክትሰጥ ብቻ አጠበቅኳት፣ ካሰርኳት በኋላ እንደገና ቃኘሁ። ሁለት ዘፈን ይይዝልኛል፤ በሦስተኛው እጄ ሲሞቅ ይፈርሳል። በየዘፈኑ መሃል መቃኛውን ስጠመዝዝ ሲያዩ «ሽማግሌው ጆሮው አለቀ» ማለት ጀመሩ።

ከዚያ ያ የምርቃት ድግስ መጣ። ዘፈኑን መሃል ላይ አቁመሽ ወደ እኔ ዞርሽ። «ፓፓ ባንዛ፣ ጆሮህን የት ጣልከው? እንፈልግልህ?» አልሽኝ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሙሎንጎም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ። አዝኜብሻለሁ፣ ንጎዪ። እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

በእኔ ቦታ ኪዩንጉን አመጣሽ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ክሮቹ አዲስ፣ ካፖዋ የምታብረቀርቅ፣ ቅኝቱ ንቅንቅ የማይል። ችግሩም ይኸው ነው። ከስንት ዓመት በኋላ እውነተኛው አምስተኛ ላይ አወጣሽ።

ትናንት ሙጂንጋ እንደሄደች ኮፍያዬን አድርጌ እሱ ጋ ሄድኩ።

«ለማማ ንጎዪ ክሮቹን ትንሽ አላላላት» አልኩት።

«ካፖ እየጫንኩበት? ኧረ ፓፓ! የላላ ክር ቅኝት ይዞ ያውቃል? እንደርስዎ መሳቂያ ልሁን?»

ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ። ልክ ነው፣ አልተቆጣሁትም። ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

እንግዲህ የቀረው አንድ መንገድ ነው። ካፖዋን ሁለተኛው ላይ እንዲያደርጋት ንገሪው። ሰው ያያል። ካሌንጋም ትመጣለች፤ ትስቅ ይሆናል። ትሳቅ። አፍሽን እስክትከፍቺ ነው። ክሩ ላልቶ ስለነበር እነዚህን ሁሉ ዓመታት የዘፈንሽው እዚያው ሁለተኛው ከፍታ ላይ ነው፤ ሰው እንባውን ሲጠርግልሽ የኖረው እዚያ ላይ ነው። ከኔ በቀር ያወቀ አልነበረም እንጂ።

በሰው ፊት መውረዱ ካቃተሽ ግን አልፈርድብሽም። ሙጂንጋን ላኪብኝ፤ የላሉ ክሮቼን ይዤ እመጣለሁ። የልጅሽን ዘፈን አስቀድሚው፤ እስከዚያ ቅኝቱ ይይዝልኛል። ከዚያ ሲበላሽ ዞር በይና፣ ያኔ እንዳልሽው፣ ጆሮህን የት ጣልከው በይኝ። ሰው ለምዶታል። እኔም ለምጄዋለሁ።

የድሮ ጊታረኛሽ፣
ባንዛ
ሉቡምባሺ