እናትሽ ዶሮውን የበሉ ዕለት

ውድ ጀውሀራ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለሽ ብትስቂብኝ አይፈረድብሽም። ምን ላድርግ፣ እናትሽ ቤት ያየሁትን ካንቺ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

ሆቴሉ ሳይዘጋ፣ እኔ ወጥ ቤት አንቺ አልጋ ቤት ሳለን የጀመርሽው ሥራ ዛሬም አለ። ከየሆቴሉና ከየተዝካሩ የተረፈውን እየሰበሰብን ችግሩን ለማይናገር ቤት እናደርሳለን። ላሊበላ እንግዳ ከጠፋበት ወዲህ የሚተርፈው ቀንሶ የሚጠብቀው በዝቷል። ጭልፋም እንደ ሥርዓትሽ እንለያለን፤ ክርስቲያን ያረደው ሥጋ የነካው ለሙስሊም ቤት አይሄድም። "አንቺ ሴትዮ፣ ጭልፋውን ለዪ!" እያልሽ የምትጮሂብኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ለእናንተ ሰፈር ሁሌ ሽሮና ምስር ነው።

አንቺ ለስደት ከሄድሽ በኋላ እናትሽም ከሚጠብቁት ሆኑ። ስንቱን ያበሉ እናት! "ጀውሀራ ከጅዳ ስትልክልኝ እኔም አዋጣለሁ" ይሉኝ ነበር። "ኢንሻአላህ" እላቸዋለሁ። ጀልባችሁ መስጠሙን ከሰማን በኋላም እንዲሁ አልኩ፤ ምላሴን ይቁረጠው!

አጎትሽ መሐመድኑር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማክረው መርዶው ማክሰኞ ጧት እንዲነገር ቆረጡ። "እህል ሳትቀምስ እንዳትሰማ፤ ከሰማች ወዲያ አትበላም" አሉ። ማብላቱ ለእኔ ተሰጠ። እኔ ምግብ ይዤ ብገባ ማን ይጠረጥራል? አብራን የምትዞረው ገለቴ ግን "የዛሬን እንኳ የሰው ትራፊ አናበላቸውም፣ ነውር ነው!" ብላ አለቀሰች። አጎትሽ ዶሮ አረዱ፣ እኛ ሠራነው። ደግ ያደረግን መስሎን እኮ ነው።

እናትሽ ክዳኑን ሲከፍቱ ፈገግ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው፣

"ማን አረደው?" አሉኝ።

ምን ልበል? ሐራም እንዳይመስላቸው ብዬ፣ "መሐመድኑር ናቸው፣ እማማ። ይብሉ።"

"መሐመድኑር? በዓል በሌለበት? ለእኔ?"

በሩን አዩ። ደጅ የሰው ድምፅ ይሰማል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"እሱስ የት ነው?"

"ደጅ ናቸው።"

"እስክጨርስ እንዳይገባ" አሉና ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ።

ጀውሀራ፣ ሰው እንዲያ ሲበላ አይቼ አላውቅም። ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዷን አጥንት እየጋጡ፣ እንባቸው ሳህኑ ላይ እየተንጠባጠበ። አጎትሽ ብቅ ሲሉ "እየበላሁ ነው!" ብለው ጮኹባቸው። ያኔ ገባኝ። እሳቸው እየበሉ እስካሉ ድረስ መርዶው አይነገርም።

ሳህኑ ሲያልቅ "ጨምሪልኝ" አሉኝ። ጨመርኩላቸው። አሁንም፣ "ጨምሪልኝ፣ ልጄ።"

"አለቀ፣ እማማ።"

"ትንሽ። ከታች የቀረችውን።"

ድስቱን ገልብጬ አሳየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ከውሃ በቀር በአፋቸው የዞረ ነገር የለም። አፈሩ ይቅለልሽ እንዳልልሽ አንቺ አፈርም አላገኘሽ። እናትሽን ግን ለእኔ ተያቸው። ነገ ጧት እሄዳለሁ፤ በእጄ አጎርሳቸዋለሁ፣ ጣቴን ቢነክሱኝም።

ያንቺው እየሩስ