የአዴ ዳርሚ የመጨረሻ እንስራ

ውድ ምንተስኖት፣

ነገሌ ቦረና በሰላም ገብቻለሁ፤ ከገባሁ ወዲህ ግን ግራ ገብቶኛል።

አምና ያረፉትን ስመ ጥር ሸክላ ሠሪ፣ የአዴ ዳርሚን፣ የእጅ ሥራ ለማየት በባጃጅ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ልጃቸው ጃለኔ ከእናቷ የተረፈችውን አንዲት እንስራ ደጅ አስቀምጣ፣ ድንጋይ ይዛ ቆማለች።

«ቅርስ ናት፣ እንዳትነኪያት!» ብዬ የአገር ጠበቃ ሆኜ ጮኽኩ።

«ወንድሜ፣ የድሮ ሸክላ ተወቅጦ ካልገባበት አዲሱ ጭቃ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። እናቴም የአያቴን ወቅጣ ነው የሠራችው።»

«የሌላ ሰው ስባሪ ውቀጪያ!»

«እናቴን ከዘሯ ልነጥላት?»

«እሺ፣ እኔ ልውሰዳትና መደርደሪያ ላይ ትቀመጥ።»

«ምን አጥፍታ ነው የምትታሰረው?»

ባለባጃጁ ሀላኬ «እውነቷን ነው» አለና፣ ወዲያው «ግን ታሳዝናለች» ብሎ የራሱን ፍርድ አፈረሰ።

እኛ ሰፈር ቢሆን እንስራዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት ወራሾች ሲካሰሱ ይኖሩ ነበር። ጃለኔ ግን ድንጋዩን አነሳች፤ እንስራዋን አየችና መልሳ አወረደችው።

«አልቻልኩም። እባክህ አንተ ምታልኝ።»

እኔ፣ የቅርስ ዘብ፣ መታኋት። ከዚያ አብረን ወቀጥን። እሷ እያለቀሰች ትስቃለች፤ እኔ የመጣሁት ለለቅሶ ይሁን ለአራስ ጥየቃ አልለየልኝም።

ቦታ አለቀብኝ። የእትዬ አስካለን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹንም አገላብጠህ ሳማቸው። ፖስት ካርዱ ጥግ ላይ ያለውን ቀይ የሸክላ ዱቄት አሻራ እንዳትጠርገው፤ የእኔ ይሁን የአዴ ዳርሚ እኔም አላውቅም።

ያንተው ጌታነህ