በአራተኛው ፎቅ የሸተተኝ ማንጎ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታናሽ እኅቴ፤

ከአንድ ማሕፀን ያወጣን አምላክ ሁለታችንንም ከክፉ ነገር ይሰውረን እያልሁ ሰላምታዬን ከሩቅ አቀርብልሻለሁ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚያስነክስሽ የጉልበትሽ ሕመም ለቀቅ አደረገሽ? ባለቤትሽስ ሳሉ ተወው ወይስ ዛሬም ሐኪም ያዘዘለትን ትቶ ጎረቤት ባዘዘለት ይታከማል? ታላቂቱ ልጅሽ እርግዝናው እንዴት ይዟታል? እኔ በጸሎታችሁ ደኅና ነኝ፤ ዐይኔ ደከም ከማለቱ በቀር ጉሮሮዬ ዜማውን፣ እግሬም ደረጃውን አልረሱም።

ሰላምታዬን ከዚህም አስረዝመው ነበር፤ ነገር ግን በጎረቤትሽ በነጋዴው በኩል የላክሽብኝ ቃል ደርሶኝ አንጀቴን አሳርሮታል። “አንድያ ወንድ ልጄን በሰው ፊት አዋረዱብኝ፤ ሥጋዎን ለባዳ አሳልፈው ሰጡ” ብለሻል አሉ። እኅቴ ሆይ፣ የሰማሽው ግማሹን ነው። የቀረውን እኔ ልጻፍልሽና ከዚያ በኋላ ፍረጂ።

እንደምታውቂው፣ አርባ ዓመት ዜማና ቅኔ ካስተማርሁ በኋላ ወደ ልጄ መጥቼ፣ ቁጭ ብሎ መጦር አልሆንልህ ቢለኝ፣ በዚህ ሆቴል የአራተኛው ፎቅ የአንሶላና የፎጣ ክፍል ጠባቂ ሆኛለሁ። ንጹሑን እሰጣለሁ፤ ያደፈውን እረከባለሁ። ክፍሎቹን የምታጸዳው ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ግን የተባረከ። አንሶላ ስታነጥፍ እንደ ብራና ትወጥረዋለች። ክፍል ጨርሳ ስትወጣ የክፍል ሽቶ ሳትረጭ በር ስለማትዘጋ ሁላችንም “እመቤት ሽቶ” እንላታለን።

ልጅሽ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ መጥቶ በዚሁ ፎቅ፣ ከእኔ ክፍል ሦስተኛው በር ላይ ባረፈ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሦስት ቀን ምሳ አብረን በላን። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ መተላለፊያው ማንጎ ማንጎ ሸተተኝ። እመቤት ሽቶ አዲስ ጠርሙስ ከፈተች አልሁ በልቤ። ጥቂት ሳይቆይ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ጮኸ።

ያን ዕለት ያየሁትን ጠላቴም አይየው። ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ ላይ አረፋ የቀረበት እንግዳ፣ ጭልፋ የያዘ ወጥ ቤት፣ ጸጉሯ በከፊል የተሠራ ሙሽራ፣ ሁሉም መንገድ ላይ ፈሰሰ። ከልጅሽ ክፍል ፊት ለፊት ያረፉትን በሽተኛ አሮጊት እኔና ዘበኛው በወንበር ተሸክመን አራት ፎቅ አወረድናቸው። የእሳት አደጋ መኪናም መጣ። እሳት ግን አልተገኘም።

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። የማስጠንቀቂያው ሳጥን ፎቁን እንጂ ክፍሉን አይለይም፤ ስለዚህ ያየ፣ የሰማ፣ ያሸተተ ይናገር አለ። እኔ ሊቅ ነኝ ባይ ማን ቀድሞኝ! የማንጎ ሽታ እንደ ነበረ፣ እርሱም የጽዳት ሠራተኛዋ ሽቶ እንደሚሆን ተናገርሁ። የእሳት አደጋ ባለሙያውም ሽቶ መሣሪያው ሥር ከተረጨ ሊያስጮኸው ይችላል ብሎ አጸናልኝ። ሴትዮዋ የእኔ ሽቶ ሎሚ ነው ብላ ብትከራከርም፣ ያን ዕለት የጨረሰችው ጠርሙስ ከቆሻሻው ጋር ሄዷልና የሚሰማት አላገኘችም። ከሥራ መባረሯና አለመባረሯ ዐርብ እስኪወሰን ቤቷ እንድትቀመጥ ተነገራት። በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ፣ “መሪጌታ፣ እንግዲህ አፍንጫዎ ዳኛ ሆነ ማለት ነው?” አለችኝ።

በማግሥቱ እርሷ ስለሌለች ፎጣውን ራሴ ይዤ የልጅሽን በር አንኳኳሁ። ሲከፍትልኝ ማንጎው ተቀበለኝ። ቀና ብል፣ ጣራው ላይ ካለው ክብ የጭስ ጠቋሚ ላይ የገላ መታጠቢያ ቆብ በክር ታስሯል! በእጁ ደግሞ ቬፕ የሚሉትን፣ እንደ ብዕር ያለ ማንጎ ማንጎ የሚሸት የኤሌክትሪክ ሲጋራ ይዟል። ለካ በየቀኑ ቆቡን እያሰረ ይስብ ኖሯል፤ ያን ዕለት የክፍሉ አየር ሳይጠራ ቆቡን በችኮላ ፈትቶት ነው ያ ሁሉ የሆነው። ሕዝብ ካስወጣ፣ ሴት ካስባረረ በማግሥቱ መልሶ ማሰሩን ልብ በዪልኝ! አመል ያወጣል ከመሐል ይሉ የለ።

“አጎቴ፣ ይህ እኮ ጭስ አይደለም፤ እንፋሎት ነው። እሳትም የለው” አለኝ።

“መሣሪያው እንዳንተ አልተማረም፤ ልዩነቱን አያውቅም” አልሁት። “እኔም አላወቅሁም። በእኔ አለማወቅና በአንተ ዝምታ ግን ያቺ ሴት ቤቷ ተቀምጣለች።”

እውነተኛ እሳት ቢነሣ፣ በዚህ ዐይኑ በተሸፈነ መሣሪያ ምክንያት ፊት ለፊት ያሉት አሮጊት ምን ይሆኑ ነበር ብዬ ብጠይቀው አቀረቀረ። ቀጥሎ ግን መሥሪያ ቤቱ ቢሰማ እንደሚዋረድ፣ ነገ እንደሚሄድ፣ ለእርሷም ሌላ ሥራ እንደማይጠፋ ይደረድርልኝ ጀመር። ይህን ሲል ሐሰት የማያውቀውን የአባታችንን ፊት በፊቱ ላይ አየሁና ይብሱን ተናደድሁ። “ወደ ክፍሌ ገብቼ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ” አልሁት። “እስክጨርስ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ካልወረድህ እኔ እወርዳለሁ።”

እኅቴ፣ ዘወትር በሩብ ሰዓት የማደርሰውን ጸሎት ያን ዕለት እያንዳንዱን ቃል በዜማ እየሳብሁ፣ ልጅሽ ልብ እስኪገዛ ሰዓት ሙሉ አቆየሁት። አምላክ ይቅር ይበለኝ፤ ግማሹ ጸሎት ነበር፣ ግማሹ ጥበቃ። ስወጣ ሊፍቱ ደጃፍ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። አብረን ገባን። እርሱ የመውጫውን ቁጥር ተጫነ፤ እኔ የቢሮውን፣ የአንደኛውን ፎቅ። በሩ ሲከፈት ወጣሁ፤ እጁን አልጎተትሁም፤ ዞሬም አላየሁት።

ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ የተናገርሁት የራሴን ነው። አርባ ዓመት በሐሰት አትመስክሩ ብዬ ሳስተምር ኖሬ፣ በሽምግልናዬ በአንዲት ምስኪን ላይ ሳላረጋግጥ መሰከርሁ፤ ቃሌን አንሥቻለሁ አልሁ። ታዲያ ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ስከፍት ከኋላዬ፣ “እኔ ነኝ” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ፣ ቆቡንና ያን ቬፕ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

እንግዲህ ልጅሽን አሳልፎ የሰጠው እኔ አይደለሁም። ያ ሞኝ ውርደቱን ነግሮሽ ክብሩን ደብቆሻል። ሥራ አስኪያጁ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጻፉ እውነት ነው፤ ተግሣጽ ደርሶበታል፤ ይገባዋልም። ሴትዮዋ ግን በዐርቡ ፈንታ ሐሙስ ተመለሰች። ይቅርታ ብጠይቃት ፊቷን ሳትፈታ አዲሱን ጠርሙስ አፍንጫዬ ሥር አቅርባ፣ “ያሽትቱ” አለችኝ። ሎሚ ነው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ታስሸትተኛለች፤ እኔም እንደ ቀኖና ተቀብዬዋለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የሐኪሙን መድኃኒት ይዋጥ። ለታላቂቱ ልጅሽ በሰላም ያገላግልሽ በዪልኝ፤ ለትንሿም በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪልኝ። መልእክትሽን ያደረሰውን ነጋዴ፣ ይህንንም ደብዳቤ እንደዚያ በፍጥነት ለሰፈሩ እንዲያዳርስልኝ አደራ በዪው። ልጅሽን ደግሞ ግንባሩን ስሚልኝ፤ “እኔ ነኝ” ባለበት አንደበቱ ኮርቻለሁ። ያን ነገር ትቻለሁ ብሎ ምሎልኛል። ሆኖም ማንጎ ሳትገዢ ቤትሽ ማንጎ ከሸተተሽ፣ እንደ እኔ በሌላ ሰው አታሳብቢ፤ በቀጥታ የእርሱን በር አንኳኪ።

ወንድምሽ

ከሆቴሉ አራተኛ ፎቅ፣ ከአንሶላና ፎጣ ክፍል
ጥር ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.