ሰኞ ሳይመጣ የቀረው መልእክት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለፈዲላ ኑርዬ፣ ካለሽበት ኩዌት።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፤ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ እንዴት ይዘውሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። እማዬም ዓይኗ ከታከመ ወዲህ ደኅና ናት፤ አሁን እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ምን ጻፍሽ፣ የቱ ጋ ደረስሽ ትለኛለች።

ይህን ደብዳቤ የሰጠችሽ ኡሙሀኒ ናት። ለዕረፍት መጥታ ወደዚያው ስትመለስ ነው የያዘችልኝ። ብቻዋን እንዳትመጣ፣ ሂንድንና ሌሎቹን የሐይቅ ልጆች ይዛ፣ ዐርብ በዕረፍትሽ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንድትደርስልሽ አደራ ብያታለሁ። አደራዬ ካልተጠበቀና ብቻሽን ከሆንሽ ግን አጥፈሽ አስቀምጪው፤ ሰው እስኪመጣ አትቀጥይ። በማለዳ ተሰብስበው ስታያቸው ልብሽ ምን እንደሚልሽ አውቃለሁ። መጨረሻውን አስቀድሞ ማንበብ ልማድሽ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ልጆች ሆነን የተረት መጽሐፍ ከኋላ ጀምረሽ እያነበብሽ ስንቴ ተጣልተናል። ዛሬ ግን እባክሽ ከላይ ወደ ታች አንብቢልኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። በዚህ ጦርነት ስለ አባዬ ያልተባለ የለም። አንዱ ደሴ ላይ አየሁት ይላል፣ ሌላው ከባቲ ሰዎች ጋር አፋር ገባ ይላል። አንቺም እንዴት እንደታወቀ ካልሰማሽ የማታምኚ ሰው ስለሆንሽ ነው ከመነሻው የምነግርሽ።

ጥቅምት ላይ እማዬ ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ነበረች፤ አባዬ ብቻውን ሐይቅ ቀርቶ ነበር። ጦርነቱ ከወልዲያ ወደ ታች ሲወርድ ና ውጣ ብለን ለመንነው። ጀልባዬንና መረቤን ለማን ጥዬ አለን። በመጨረሻ ስናወራ፣ ነገሩ ከባሰ በእግሬ በአርዲቦ በኩል ዞሬ አምባሰል አክስታችሁ ዘንድ እወጣለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ጠፋ። የእሱን ጠባይ ታውቂው የለ፣ ስልኩ ሲጮህ ዝም ብሎ ያየውና ሲመቸው ራሱ ይደውላል። መጀመሪያ አካባቢ ዝምታው ብዙም አላስደነገጠንም ነበር፤ እማዬማ ዓሣ ላይ ነው እያለች ትስቅ ነበር።

ስለ ሥራዬ ሁልጊዜ ታሾፊብኛለሽ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠሪው ብለሽ ለኡሙሀኒ ነግረሻታል አሉ። የኔ ሥራ ዌብ ሰርቪስ መሥራት ነው። የማይተዋወቁ ኮምፒውተሮች የሚጠያየቁበት መስኮት በይው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። በኅዳር አንድ የርዳታ ድርጅት ወደ መሥሪያ ቤታችን መጣ። በየመጠለያው የተፈናቀሉ ሰዎች ይመዘገባሉ፣ ነገር ግን ምዝገባው አይገናኝም። ደብረ ብርሃን የተመዘገበች እናት አዲስ አበባ ለሚፈልጋት ልጇ አትታይም። እኛ እነዚህን ሁሉ አገናኝተን፣ ፈላጊው የሚፈልገውን ሰው ስም በስልኩ ሲልክ መልሱ በጽሑፍ መልእክት እንዲደርሰው እንድናደርግ ተጠየቅን። ሰውየው ከተገኘ ያለበት መጠለያ ይነገራል። ካልተገኘ በየሰኞው «ፍለጋው ቀጥሏል» የሚል መልእክት ይመጣል። ሦስተኛው መልስ ስለሞተ ሰው ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ በቀጥታ ለሕዝብ አይለቀቅም። መጀመሪያ በመሞከሪያው ሰርቨር ላይ፣ በተፈጠሩ ስሞች፣ ስህተቱ እስኪወጣ ይፈተናል። የምትፈትነው ሠርክአዲስ የምትባል የአምባሰል ልጅ ናት፤ ቤታቸው ወደ ግሸን ከሚያወጣው መንገድ በታች ነው። ስለ አገራችን ዝናብ ስናወራ ነው የተዋደድነው። አንድ ቀን የራሷን ስልክ በፈላጊ ቦታ አስገባች፣ የሌለ ሰው ስም ፈጠረች፣ ሞቷል ብላ መዘገበችው። ሰርቨሩ ዘግይቶ ኖሮ መልእክቱ የደረሳት ወደ ቤቷ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ስልኳን ፊቴ ላይ አስቀመጠችው። «የሚፈልጉት ሰው ሕይወታቸው ማለፉን እንገልጻለን። አገልግሎታችንን ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን» ይላል። ስሙን የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ እያወቅሁ ከታክሲው ወርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ አለችኝ። ያን ጊዜ ወንድሟ ግንባር ነበር።

እኔ ነኝ ያንን «እናመሰግናለን» የጻፍኩት። ከሌላ ሥራ ቀድቼ ነበር የለጠፍኩት። አፈርኩ፣ ተናደድኩም። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር እያወቅሁ፣ አዲስ አበባ እድር የሚሉት የቅሬያችን ሰዎች በማለዳ ተሰብስበው፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሐዘንተኛው መሐል ተደርጎ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ሰውን በየታክሲው ልገድለው ነበር። ወዲያው ወደ አለቃችን ወደ ፈንታሁን ሄድን። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ለኀሙስ ቃል ገብተናል፣ አንድ ቀን ባዘገየን ቁጥር በሕይወት ያሉት ይጠፋፋሉ፣ ስለሞቱት ብለን ያሉትን አናስጠብቅ አለን። እውነቱንም ነበር። ሽማግሌ ይላክ ስለው ግን ሳቀብኝ።

«ዋሲላ፣ ሲስተም ሽማግሌ አያውቅም» አለኝ።

«እንግዲያው እናስተዋውቀዋለን» አልኩት።

እስከ ኀሙስ ብዙም አልተኛንም። ደንቡን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፤ የሞት ዜና ሲገባ ሰርቪሱ ለፈላጊው ምንም አይልክም። የሰኞውን «ፍለጋው ቀጥሏል» እንኳ ያስቀረዋል፣ የሞተን ሰው እየፈለግን ነው ማለት ውሸት ነውና። ዜናው የሚሄደው ወደ ፈላጊው አገር ሽማግሌዎች ነው። እነሱ ከቀበሩት ሰዎች ጠይቀው ያረጋግጣሉ፣ ከዚያ በማለዳ ይሄዳሉ። ሠርክአዲስ በየመጠለያው እየደወለች የየአገሩን የቅሬ ዳኛ ስልክ ሰበሰበች። ለሐይቅ የተመዘገቡት ጋሽ ኃይለ መስቀልና ሼህ ዑበይዱላህ ናቸው፤ ሁለቱም ተፈናቅለው ኮተቤ ዘመድ ቤት ነበሩ።

ኀሙስ ዕለት ሥራውን ወደ ዋናው ሰርቨር ስንጭነው ሰርቨሩ አልነሣ አለ። አጥፍተን አስነሣነው፣ ደግሞ ወደቀ። ፈንታሁን ጥፍሩን እየበላ ከኋላዬ ቆሟል፤ አንድም ነገር ባለመናገሩ እስካሁን አመሰግነዋለሁ። የጎደለው አንድ ትንሽ ፋይል ነበር፣ በመሞከሪያው ላይ ረስተነው። ከሰዓት በኋላ ተነሣ። የመጀመሪያዋ እውነተኛ ፈላጊ እኔ ነበርኩ፤ የአባዬን ስም ከነአያቱ በገዛ ስልኬ ላክሁ። በዚያው ሳምንት ብዙ ሰው ተገናኘ። አንዲት ሴት ልጇን አግኝታ ቢሯችን ድረስ መጥታ ሁላችንንም እየዞረች ሳመችን። በየሰኞው ለእኔም መልእክቱ ይመጣ ነበር። እማዬ ደግመሽ አንብቢልኝ ትላለች፣ «ቀጥሏል» የሚለው ላይ ስደርስ አሚን ትላለች።

በታኅሣሥ የሐይቅ መንገድ ተከፈተ፤ ከዚያ አካባቢም ምዝገባ መግባት ጀመረ። አንድ ሰኞ መልእክቱ ሳይመጣ ቀረ።

መጀመሪያ የስልኬ ነው አልኩ። ከዚያ የመስመሩ ነው አልኩ። ቢሮ ገብቼ ሳይ የሌሎቹ ሁሉ ተልኳል። ፈዲላ፣ ያን ቀን የሆንኩትን ልንገርሽ። የጻፍኩትን ኮድ ከላይ እስከ ታች ስህተት ፍለጋ አነበብኩት። ፈተናዎቹን ሁሉ ከመጀመሪያው አስኬድኳቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የሠራሁት ነገር የተበላሸ እንዲሆን ዱአ አደረግሁ። ሁሉም ፈተናውን አለፈ። ሰርቪሱ ጤነኛ ነበር። ያንን ዝምታ ሌላ ሰው ቢያገኘው መስመር ነው ብሎ ተስፋውን ይዞ ይተኛል። ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው የጻፍኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከፍቼ ማየት እችል ነበር፤ አልከፈትኩትም። ማታ እማዬ ዛሬስ ምን አለ ስትለኝ መስመር የለም አልኳት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ገና ሳይነጋ እየተነሣሁ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ፍራሹን እጠቀልላለሁ፣ ምንጣፍ አነጥፋለሁ። እማዬ ምን ነካሽ ትለኛለች። ሽማግሌዎቹ እያረጋገጡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሳሳቱልኝ እያልኩ እጠብቃለሁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል፤ ኀሙስ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ኃይለ መስቀልና ሼህ ዑበይዱላህ ከጎረቤቶቻችን ጋር ቆመዋል። ጋሽ ኃይለ መስቀል እንደ ለቅሶ ቤት የተነጠፈውን ምንጣፍና ነጠላዬን አይተው ደነገጡ።

«ልጄ፣ ማን ቀድሞን ነገረሽ?» አሉኝ።

«እኔው ነኝ» አልኳቸው። እማዬን መሐል አድርገን ተቀመጥንና ሼሁ ነገሯት።

እህቴ፣ አባታችን ሞቷል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አምባሰል አልደረሰም። አርዲቦ አጠገብ ሲደርስ አስሙ ተነሣበት፣ መድኃኒቱም አልቆበት ነበር። የማያውቁት ሰዎች ቤታቸው አስገብተው እስከ መጨረሻው አስታመሙት። ስሙን፣ አገሩን፣ የእኔንና የአንቺን ስም ተናግሮ ነው ያለፈ። የዚያ መንደር ቅሬ እንደ ራሱ ሰው ተሰብስቦ፣ አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰላተል ጀናዛ ሰግደው ቀበሩት፤ መቃብሩን ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ነው የቆፈረ። መንገዱ ሲከፈት ስሙን ያስመዘገቡት እነሱ ናቸው። ከእማዬ ጋር ሄደን አይተነዋል፣ አፈሩን በእጃችን ነክተናል። ያስታመመችው ሴት ጀልባውን አደራ ይል ነበር አለችን። ጀልባው ግን የለም፣ ተወስዷል።

በስልክ ስትጠይቂኝ እየፈለግን ነው ያልኩሽን አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ሰርቪሱ እንኳ እንዳይዋሽ ያደረግሁ ሰው አንቺን ዋሸሁሽ። በሰው ቤት ማእድ ቤት ውስጥ፣ ቆመሽ፣ ብቻሽን እንድትሰሚው አቅም አላገኘሁም።

እማዬ ግንባርሽን ስማሻለች፤ በይልኝ ያለችው አላህ ጽናቱን ይስጥሽ፣ ምግብ እንዳትተዪ ነው። ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ሼህ ዑበይዱላህ፣ ሠርክአዲስም በርቺ ብለውሻል። አርዲቦ ያሉት ሰዎች ሳያውቁሽ ሰላም ይሉሻል። ለኡሙሀኒና ለሂንድ፣ ሌሊት ተነሥተው ለመጡልሽ ሁሉ፣ ውለታቸውን አላህ ይክፈላቸው በይልኝ። በየደብዳቤው ሰላምታ የምጀምረው ከአባዬ ነበር፤ ዛሬ ከእማዬ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ማንም መርዶውን ብቻውን አይስማ ብዬ ነበር ያንን ደንብ የጻፍኩት፤ ጻፊዋን ግን ረስቻት ኖሯል። አንቺን አልረሳሁሽም። አሁን ደብዳቤውን ለኡሙሀኒ ስጫትና አልቅሺ፤ የመጡት ሊይዙሽ ነው።

እህትሽ ዋሲላ ኑርዬ
ሐይቅ፣ ጥር 19 ቀን 2014 ዓ.ም.