አሥራ አንዱን ስም ያልሰጡት መምህርት፤ የማርያምወርቅ ወልደ ሐዋርያት (1935 – 1979 ዓ.ም.)

መምህርት የማርያምወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሐዋርያት ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅአየሁ ደስታ፣ በየካ ሚካኤል አጥቢያ ጥቅምት 9 ቀን 1935 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ፣ እሱን ሸጠው ነው ያሳደጉን። ይህን የጻፍኩት ታላቅ ወንድማቸው ፀሐዬ ነኝ። በሕይወት ሳሉ «አንቺ» ነበር የምላቸው፤ ዛሬ ወጉ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ።

አባታችን መጀመሪያ ትምህርት ቤት ያስገቡት እኔን ብቻ ነበር። እህቴ በእኔ ደብተር ፊደል ቆጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ይሠሩልኝ ጀመር። መምህሩ «ፀሐዬ ጎበዝ ነው» ብለው ለአባታችን ሲያመሰግኑኝ ጉዱ ወጣ። በ1943 ዓ.ም. እህቴም ትምህርት ቤት ገቡ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቀረሁ። እሳቸው አሥራ ሁለተኛን በ1954 ዓ.ም. በከፍተኛ ውጤት አልፈው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በክፍላቸው ብቸኛዋ ሴት ሆነው በ1958 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመረቁ።

አራት ዓመት አሰላ ካስተማሩ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው በኮተቤ መንገድ ባለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስና ኬሚስትሪ ማስተማር ጀመሩ። በ1963 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከአቶ ገረሱ በዳዳ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሰሎሞን የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

የቤተ ሙከራው ልማድ ያኔ እንዲህ ነበር፤ ወንዶቹ ዕቃውን ይነካሉ፣ ሴቶቹ ደብተር ይዘው የታየውን ይጽፋሉ። እህቴ ይህ ያንገበግባቸው ነበር። «ስትጽፍ ኖራ በፈተና ቀን ቴርሞሜትሩን በየት በኩል ትያዘው?» ይሉ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አሥራ አንድ ሴት ልጆች መርጠው ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ሙከራውን ከፈቱላቸው። ለእያንዳንዷም አንድ ንጥረ ነገር ሰጥተው በዚያው ስም ይጠሯት ነበር፤ ጠባዩን አጥንታ ለሌሎቹ እንድታስረዳ ነው። የእኔ ልጅ ዘርትሁን ካልሲየም ነበረች። እቤት ስትመጣ አጥንት ምን እንደሆነ ሳታስተምረን እራት አንበላም ነበር።

አሁን በእጃችሁ ያለው የተባዛው የሕይወት ታሪካቸው ወረቀት «ለጥቂት ጊዜ ከሥራ ርቀው ነበር» ይላል። ወረቀቱን ያሳጠሩት ዘመዶቼ ፈርተው ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ፈርቼ ያደረግኩት ይበቃኛል፤ የማነበው የራሴን ነው።

በኅዳር 1970 ዓ.ም. አብዮት ጥበቃዎች ቤታቸውን ሲፈትሹ የቅዳሜውን ደብተር አገኙ። «ሶዲየም፤ አርፍዳለች። ካልሲየም፤ ሥራዋን በሚገባ ፈጽማለች። ፎስፈረስ፤ ለብቻ ትነገር።» ይላል። በዚያ ክፉ ጊዜ ይህ ምን ተብሎ እንደሚነበብ ለእናንተ አልነግራችሁም። የኅቡዕ ስም ነው ተባለ። ፎስፈረስ ማን ናት? የት ትገኛለች? ምን እንድታደርግ ነው ለብቻ የምትነገረው? እህቴ የኬሚስትሪ መጽሐፉን ገልጠው አሳዩ፤ ማን ሊሰማ! «እንግዲያው ልጆቹን ጥሪና ይመስክሩልሽ» አሏቸው። እሳቸው ወደ ታሰሩበት ግቢ የገባ ሁሉ እንደማይወጣ እያወቁ የማን ልጅ ይጥሩ? የአንዷንም ስም ሳይሰጡ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ታሰሩ። የደረሰባቸውን እዚህ አልዘረዝርም፤ አስከሬናቸው ሲገነዝ እግራቸውን ያጠቡት ሴቶች አይተውታል።

ስንቅ ለሚያመላልሰው ለአቶ ገረሱ በጆሮው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለፀሐዬ ንገርልኝ፤ ልጆቹ ከትምህርት እንዳይቀሩ።»

መልእክቱ በዚያው ቀን ደረሰኝ። እኔም ዘርትሁንን ከትምህርት ቤት አስወጣኋት። አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ ከክፍሏ አንደኛ። በጥር ለአንድ ነጋዴ ዳርኳት። ባል ያላትን ሴት ማን ይጠረጥራታል ብዬ ነው፤ ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ ነው። እያለቀሰች ነው የሄደችው፤ እኔም አለቀስኩ፤ ግን አልመለስኳትም።

በዚህ ብቻ ቢያልቅ በእኔ ቤት ይቀር ነበር። ሌሎቹ ወላጆች «የመምህርቷ ወንድም ልጁን ካስወጣ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» አሉ። አንዷ አጎቷ ዘንድ ወደ ገጠር ተላከች፣ አንዷ ተዳረች፣ አንዷ እንጨት ለቀማ ወጣች። በመስከረም ከአሥራ አንዱ የተመለሱት ሁለት ነበሩ። እህቴ በሰውነታቸው የጠበቋቸውን ልጆች እኔ ነኝ የበተንኳቸው።

በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ተፈቱ። በአቶ ገረሱ ትከሻ ተደግፈው ከደጅ ሳይገቡ «ልጆቹስ?» አሉ። ዘርትሁን የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። አዩዋት፣ ሕፃኑን ሳሙት፣ ከዚያም እኔን አዩኝ። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ምነው በሰደቡኝ!

ወደ ሥራ ሲመለሱ ክፍል መግባት ተከልክለው አራት ዓመት የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኑ። በ1976 ዓ.ም. የፊዚክስ መምህር ሲጠፋ ተለምነው ገቡ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ይሰበስብ ነበር፤ እሳቸው ግን ቅዳሜን እንደገና ጀመሩ። ዘንድሮ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይንስ ሰባት ሴት ልጆች አድርሰዋል። አንዷ ጫልቱ ጉደታ ናት፤ ከእንጦጦ ማለዳ እንጨት አውርዳ ነው ክፍል የምትገባው። እናቷን ለመለመን እህቴ ያንን ዳገት በታመመ እግራቸው ሦስት ጊዜ ወጥተዋል።

ከእስር ቤት ይዘውት የወጡት የኩላሊት ሕመም ከታኅሣሥ ጀምሮ አልጋ ላይ ጣላቸው። ልጆቹ እቤት ይመጡ ነበር። እሳቸው ተኝተው እየተናገሩ ጫልቱ በቁም ሳጥኑ በር ላይ በጠመኔ ትጽፍ ነበር። ሐኪሞች ሁሉንም ሞክረው ሳይሆን ቀረ፤ ሐሙስ መጋቢት 3 ቀን 1979 ዓ.ም. በአርባ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ማትሪክ ሁለት ወር ቀርቶታል። ፊዚክስ የሚያስተምራቸው የለም፤ ቤተ ሙከራውም ተቆልፏል። ትናንት በድንኳኑ ውስጥ «መምህርቷም ሞቱ፤ ልጄ ከእንግዲህ ማንን ብላ ትመላለስ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አቶ ጉደታ፣ እዚሁ ቆመው እየሰሙኝ ነው። እኔም ያኔ እንደርስዎ ነው ያልኩት። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አያድርጉት።

ባለፈው እሑድ እህቴ አልጋ አጠገብ ዘርትሁንን «የማታ ትምህርት ላስመዝግብሽ» አልኳት። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። «አባዬ፣ የኔው አልፏል፤ ተወኝ። ሴት ልጄን ግን አንተ ጋ አላሳድርም» አለችኝ። እህቴ ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

መምህርት የማርያምወርቅ ባለቤታቸውን አቶ ገረሱ በዳዳን፣ ልጃቸውን ሰሎሞን ገረሱን፣ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ልጅ ዘርትሁን ፀሐዬን ትተው ሄደዋል። ልዑል እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ እናቶቻችን ጎን ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው መጽናናቱን ይስጥልን። እኔን ለማጽናናት ማንም እንዳይመጣ። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሂዱና ጫልቱ ክፍሏ ውስጥ መኖሯን አይታችሁ ንገሩኝ።