ከጆንያው አጠገብ ያለው አልጋ

ማክሰኞ፣ ጥር 8፣ ከሰዓት

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ ማስታወሻዬ፦ ዛሬ ሥልጠና ላይ አንኮራፋሁ። ፍኖተ ሰላም፣ አዳራሽ። መጋረጃው ተዘጋ፣ ፕሮጀክተሩ በራ፣ እኔ ጭልጥ። ለመጽሔት ልጽፍ ሄጄ! አጠገቤ ያሉት ሴትዮ በክርናቸው ባይጎሽሙኝ ጉዴ ነበር።

ጉዳዩ በቆሎን ከነቀዝ የሚጠብቅ ክኒን ነው። ስላይዱ ሦስት መስመር፦ ክኒኑን ጨምሩ። አፉን እሰሩ። ጠብቁ። ከጎኑ ትልቅ ፎቶ፤ መስኮት በሌለው ክፍል በጆንያዎቹ አጠገብ አልጋ፣ አልጋው ላይ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ፈገግ ብለው። ስነቃ አሠልጣኙ የግብርና ባለሙያ ገና ያወራል። የሚሰማው የለም፤ ሁሉም ፎቶው ላይ አፍጥጧል። ሠልጣኞቹ የገበሬዎች የአንድ ለአምስት ቡድን መሪዎች ናቸው፤ ያዩትን ለየጎጣቸው ያደርሳሉ።

እሑድ፣ ጥር 13፣ ማታ

ማንኩሳ ሄጄ፣ አክስቴ የሻረግ ዘንድ ውዬ መጣሁ። አልጋቸው ከጓዳ ወጥቶ ጆንያው ሥር ተጠግቷል። መስኮቱ በጭቃ ተደፍኗል። ምነው አልኳቸው።
«እንዲህ ነው አሉ በመብራት ያሳዩት። አንች እዚያው አልነበርሽም እንዴ?»
ምን ልበል? ተኝቼ ነበር ልበል?

ጎረቤት ገባሁ። ያው። ቀጥሎ ያለው ቤት፣ ያው። አልጋ በግራ፣ ጆንያ በቀኝ። አባት፣ እናት፣ ልጅ ተደርድረው ፈገግ አሉልኝ። ፎቶው ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

ቤቱ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። የላጠ ግን የለም። ክኒኑ የገባው ትናንት ነው። አክስቴ ራሴን አመመኝ፣ ብርድ ነው አሉ። አልጋ ሥር የሚያድረው አውራ ዶሮ ዛሬ አልጮኸም። አርጅቷል ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ጥር 14፣ ጠዋት

ሽታው አላስተኛኝም። ባለሙያው ጋ ደወልኩ። ያየሁትን ነገርኩት። ጮኸብኝ፤ ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው የክኒኑ ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ክኒን የገባበት ቤት አይታደርም፣ ተናግሬያለሁ እኮ! አዎ፣ ተናግሯል፤ እኔ ሳንኮራፋ፣ ሌላው ፎቶ ሲያይ። ስላይዱ ላይ ለምን አልጻፍክም? ቦታ አልበቃም አለኝ። ፎቶውስ? ባዶ እንዳይመስል፣ ከሌላ ሥልጠና ያመጣሁት ነው።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። ይጠራል። አያነሱም።

ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል።

ባለሙያው ወደ ጤና ጣቢያው እየደወለ ነው። ኮንትራት ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ። መስኮት አስከፍታለሁ፣ አልጋ አስወጣለሁ፣ ቤት ለቤት በአፌ እናገራለሁ። ይህን ገጽ ከዚህ በታች ባዶ ትቼልሻለሁ፤ በሩን ማን እንደከፈተልኝ የምጽፍልሽ እዚህ ነው።